ክረምቱን ውጭ ሄጄ ላገልግል ወይስ ጅማ ልቅር?

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሁሉም ከጅማና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ሆኖ ውጭ አገር ሄዶ በኅብረተሰብ ጤና ሥራ በነፃ ማገልገል የወደፊት ሥራን ይቀይራል ወይ? የመጀመሪያዋ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የእሷ ጥያቄ አንድ ጊዜ የኔም ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። በመጪው ክረምት ኬንያ ሄጄ ለስድስት ሳምንት እንዳገለግል ተቀብለውኛል። ማደሪያና ምግብ ይችሉኛል፣ የአውሮፕላኑ ግን በራሴ ነው። እናቴ የቡና ሽያጯን ብር ልስጥሽ ትለኛለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስመረቅ ምን መሆን እንደምፈልግ አላውቅም። ጓደኞቼ «ሄደሽ ስትመጪ ይገለጥልሻል» ይሉኛል። እውነት ይገለጣል? ወይስ ብሩ ለማስተርስ ቢቀመጥ ይሻላል? ግራ የገባት፣ ከቆጪ ሰፈር።

መልስ፦ የኔ እህት፣ አይገለጥም። ይህን መጀመሪያ ልንገርሽና ከዚያ እናውራ።

እኔም በአንቺ ዕድሜ ሄጃለሁ። 2007 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ምዕራብ ኬንያ፣ ኪሱሙ አካባቢ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። ሁለት ወር ቆየሁ። ስሄድ የማስበው ደህና የሚከፍል ድርጅት ውስጥ ስለመግባት ነበር። ቤት አራት ታናናሾች ነበሩኝ፣ አላፍርበትም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለውሳኔ አትመኛቸው። ሁሉም ነገር ያምራል። ኡጋሊው ይጥማል፣ ሰዉ ይስቅልሻል፣ ስልክሽ በፎቶ ይሞላል። ማታ ለእናትሽ ደውለሽ «የምፈልገውን አገኘሁት» ትያታለሽ። ነገሩ ያለው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ፀሐዩ ሲከብድ፣ ሆድሽ ሲረበሽ፣ አብረውሽ የመጡት ልጆች እርስ በርስ መኮራረፍ ሲጀምሩ።

እኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ ሥራ ይዞ መጣ። የክትባት መዝገቡና በየወሩ ወደ ላይ የሚላከው ሪፖርት አልገናኝ ብለውታል፤ ተቀምጦ የሚቆጥርለት ሰው ፈልጓል። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ቆርቆሮዋ ይግላል፣ መዝገቡ ዝናብ ነክቶት ጠርዙ ተንጨፍርሯል። ሌሎቹ መንደር መውጣት መረጡ። እኔ ቀረሁ።

ፔንታን፣ ሕፃናትን ከአምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት፣ ታውቂዋለሽ። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት። አንደኛውን ወስዶ ሦስተኛውን ያልወሰደ ልጅ አቋረጠ ይባላል። መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር አለው። በእርሳስ ነጥብ እያደረግኩ ስወርድ፣ ከአንድ መንደር የመጡት ልጆች ጋ ስደርስ አንደኛው ሳጥን ምልክት አለው፣ ሁለተኛው አንዳንዴ፣ ሦስተኛው ባዶ። ገጹን ገለጥኩ። ያው መንደር፣ ባዶ። ደግሞ ገለጥኩ። ባዶ። ምሳ ሰዓት ማለፉን ያወቅኩት የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ «አልበላሽም እንዴ?» ስትለኝ ነው። ያ ገጽ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ በግራ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ስሞች፣ በቀኝ ማንም ያልነካው ነጭ ዓምድ።

በማግስቱ የመንደሩን የጤና በጎ ፈቃደኛ ይዘን ሄድን። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት፣ ደብተሯን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ ነው የምትይዘው። እናቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅን። እኔ ክትባቱን ፈርተው ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። ክትባት የሚሰጥበት ቀን የገበያ ቀን ነው። አንደኛውን የሚያስከትቡት ገና ከአራስነት ስላልወጡ፣ ቤት ስለሚውሉ ነው። ሦስተኛው ሲደርስ ወደ ዓሣቸውና ወደ ቲማቲማቸው ተመልሰዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኃላፊው ቀኑን ቀየረው።

ስለ ሥራ ያለኝ ሐሳብ የተቀየረው ያን ዕለት ማታ ነው። ሰው መርዳት እንደምፈልግ ጅማ እያለሁም አውቀው ነበር፣ ለዚያ ሲባል አውሮፕላን አይሳፈሩም። ያላወቅኩት መቁጠር እንደማይሰለቸኝ ነው። መዝገብ ላይ ባዶ ቦታ ሳይ ከኋላው ያለውን ሰው ካላወቅኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ነው። ዛሬም የምሠራው ሥራ እሱ ነው፤ የክትባትና የበሽታ ቅኝት መረጃ ላይ።

ስለዚህ ስትሄጂ «ዓላማዬ ምንድን ነው?» እያልሽ ራስሽን አታስጨንቂ። ምን ስትሠሪ ሰዓቱ እንደሚሮጥ፣ ምን ስትሠሪ ደግሞ ስልክሽን ደጋግመሽ እንደምታዪ ማታ ማታ ጻፊው። ሰው ሰብስቦ ማስተማር አለ፣ እናቶችን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አለ፣ ምንጭ መመርመር አለ፣ መድኃኒት በጊዜው እንዲደርስ ከቢሮ ቢሮ መሮጥ አለ፣ ቁጥር አለ። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም የኅብረተሰብ ጤና ይባላል፣ ውስጡ ግን የተለያየ ሙያ ነው። ማስተርስ ስትገቢ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት)፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ የጤና ትምህርት፣ የጤና ኢኮኖሚክስ እየተባለ ይከፈላል፤ አንዱን መምረጥሽ አይቀርም። ክፍት ቦታ ስለተገኘ ብቻ የማይወዱትን መርጠው ሁለት ዓመት የተሰቃዩ ጓደኞች አሉኝ። ስድስት ሳምንት ከዚህ ካዳነሽ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። ውጭ ስትሄጂ የሚጠይቁሽ ስለ አገርሽ ነው።

ያቺ የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ መንገድ ላይ «እናንተ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩት ደመወዝ አላቸው ይባላል፣ እውነት ነው?» አለችኝ። እሷ ያኔ በነፃ ነበር የምትሠራው። አዎ አልኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ጀምሮ ሠራተኞቹ መንግሥት ቀጥሯቸው ነው የሚሠሩት፣ በገጠር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ እያልኩ ኮራ ብዬ አስረዳኋት። ቀጥላ «ታዲያ ሥራውን ይወዱታል?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ከርሳ ወረዳ ለሲቢቲፒ፣ ተማሪ መንደር ወርዶ ለሚማርበት ፕሮግራም፣ ስንወጣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብራን ትዞር ነበር። በየቤቱ «ሴና! ሴና!»፣ ግቡ ግቡ፣ ብለው የሚያስገቡን እሷን አይተው ነው። ቡና የሚያፈሉልን ለእሷ ብለው ነው። ስለ ሽንት ቤት ጠየቅን፣ ስለ ውኃ ጠየቅን፣ አጎበር ስንት አላችሁ ብለን ቆጠርን፣ መጠይቁን ሞላን። እሷን ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ይህ የገባኝ ከጅማ ያን ያህል ርቄ ነው።

ስመለስ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሥራውን ትወደዋለች። የከበዳት ዝውውሩ ነው። ባሏ ሌላ ወረዳ ይሠራል፣ ስንት ጊዜ አመልክታ መልስ አላገኘችም፣ ልጇን እናቷ ጋ ትታለች። ይህን ስታወራኝ እጇ ሥራ አልፈታም፣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ከዚያ ወጥ ቤት ነው የወጣው፤ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለምን ይለቃሉ የሚል። ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 በላይ ለሚሆኑ የመንደር የጤና አገልጋዮቿ ወርሃዊ አበል ለመስጠት ወሰነች። ዜናውን ስሰማ በላስቲክ የተጠቀለለው ደብተር ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላም ገጠመኝ አለ። ሐይቁ አካባቢ ቢልሃርዚያ ብዙ ነው። ላብራቶሪ የሚሠራ ኬንያዊ ልጅ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ «እንዶድ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አያቴ ጋቢ የምታጥብበት እንዶድ! ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው የታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያሸለማቸውም ይሄው ሥራ ነው። ይህን ታሪክ በደንብ የሰማሁት ከኬንያዊ አፍ ነው። ሰው ልብስ ሲያጥብ ቆሞ ማየትም የዚህ ሙያ ሥራ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

አሁን ወደ እናትሽ ብር እንምጣ። ቡናው የዓመቱ ቀለብ ከሆነ አትንኪው። ተበድራ ወይም ከቤት ጎድሎ ከሆነም አትሂጂ፣ እዚያ ሆነሽ ሐሳብሽ ከቤት አይወጣም። የተረፈ ከሆነ ግን፣ እናትሽም ከልቧ ከሆነ፣ ከመቀበልሽ በፊት ፕሮግራሙን ጠይቂ። ተማሪ ይምጣልን ብሎ የጠየቀው ማነው፣ የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው ወይስ እናንተ? እኔ በየቀኑ የምሠራው ምንድን ነው፣ የሚቆጣጠረኝስ ማነው? እኔ ስወጣ ሥራውን ማን ይቀጥላል? በደንብ ካልመለሱልሽ ቅሪ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የላከን ፕሮግራም ገበያ መሃል ድንኳን አስተክሎ የደም ግፊት አስለካን። ሁለት ቀን ለካን፣ ሰዉም ተሰለፈ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። 180 በ110። ትንሽ አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። በአስተርጓሚ «ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አልኳቸው። «ከዚያ ነው የመጣሁት፣ መድኃኒቱ አልቋል» አሉኝ። ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። አራት አጥፈው የደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ አመስግነውኝ ሄዱ። ሰኞ ድንኳኑ ተነቀለ፣ እኛም ወደየአገራችን ተመለስን።

ክፍል ውስጥ የዊልሰንና የዩንግነርን መስፈርት ተምረናል፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት የወጣውን፤ ጤነኛ ነኝ የሚልን ሰው ጠርተሽ ስትመረምሪ ለምታገኚው በሽታ ሕክምና መኖር አለበት ይላል። ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የገባኝ ያቺ ወረቀት ስትታጠፍ ነው። ለእነዚያ ሽማግሌ ምንም አላደረግኩላቸውም፣ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንቺ ድንኳን ትከሉ ሲሉሽ «መድኃኒቱስ?» በይ። ደግሞ ጅማ የማይፈቀድልሽን ሥራ እዚያ አትሥሪ። እዚህ ሳትመረቂ ብቻሽን የማትሰጪውን መርፌ እዚያም አትስጪ፣ ሰውነቱ ያው የሰው ነው።

ከሄድሽ የቢጫ ወባ ካርድሽን አትርሺ፣ የወባ መከላከያውንም ሐኪም አማክረሽ ያዢ። ጅማ ማደግ ከወባ አያድንም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ልጄ የሕክምና ተማሪ ናት፣ አራተኛ ዓመት። አምና ሩዋንዳ ሁለት ወር አገልግላ ከመጣች በኋላ «ሐኪም ቤት መቀመጥ አልፈልግም፣ የኅብረተሰብ ጤና ነው የምፈልገው» ትላለች። እኛ ስንት ዓመት የጠበቅነው ዶክተር ትሆናለች ብለን ነው። እንዴት ልመልሳት? አባት፣ ከአጋሮ።

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎን አይመልሷት፣ ይልቅ ቁጭ አድርገው «ሩዋንዳ ምን አየሽ?» ብለው ይጠይቋት። ምናልባት ሰዉ በየዓመቱ እያዋጣ የሚታከምበትን የጤና መድን አይታ ይሆናል። ይሄ የእኛም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አገራችን ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በ13 ወረዳዎች ስትሞክር አንዱ የእርስዎ ጎረቤት ሊሙ ኮሳ ነበር። ምን አየሽ ሲሏት የምታወራው ስለ መንገዱና ስለ ንጽሕናው ብቻ ከሆነ ስሜቱ ያልፋል። ስለ አሠራሩ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ደሃው እንዴት እንደሚገባ እየዘረዘረች ካወራች ግን አይለፍብዎት፣ ከልቧ ነው።

ሕክምናውን ግን ትጨርስ። ይህን የጻፍኩት ለእሷም ነው፣ ያሳዩዋት። ሁለቱ አይጣሉም። ሐኪም ሆና የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ መያዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አገር ውስጥ የሚሰጥ የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም አለ፤ ወረርሽኝ ሲነሳ ቦታው ድረስ ሄደው የሚመረምሩ ባለሙያዎች የሚወጡበት ነው፣ አብዛኛው ጊዜም ሜዳ ላይ ነው የሚያልፈው። አልጋ አጠገብ ቆሞ በሽተኛ ያየ ሰው እዚያ ሲገባ ይፈለጋል። ደመወዙን በተመለከተ ልዋሽዎት አልችልም። በመንግሥት ቤት ብዙ ልዩነት የለውም፣ የግል ክሊኒክ ከፍቶ እንደመሥራትም አይሆንም። ይህንን እሷም አውቃ ትግባበት። የዶክተሯ አባት መባልዎ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኔ ፓስፖርትም ብርም የለኝም። ውጭ ያላገለገለ ሰው ድርጅት አይቀጥረውም ይላሉ፣ እውነት ነው? ደግሞ አንድ ፕሮግራም «ተመርጠሃል፣ 15,000 ብር በቴሌብር ላክ» ብሎኛል። ከሰርቦ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትላክ። በግለሰብ ስልክ ብር ላክ የሚል በጎ አድራጎት የለም። ቁጥሩን ዝጋው።

ደህናዎቹ ብር አይጠይቁህም። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከቤትህ ሆነህ በኢንተርኔት የምታገለግልበት መንገድ አለው፣ 18 ዓመት መሙላት ነው የሚፈልገው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ይወስዳል፣ ጉዞውንና የኪስ ገንዘቡን ራሱ ይችላል። ይሄኛው ስትመረቅ ይሁንልህ።

ያልሄደ አይቀጠርም የሚለውን ግን አልቀበለውም። ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰው «ውጭ ነበርኩ» ሲል ቀጥዬ የምጠይቀው «ምን ሠራህ?» ብዬ ነው፣ እዚያ ላይ የሚንተባተብ ብዙ ነው። ጅማ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሠራች ከተማ ናት። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተከፈተ ጀምሮ ተማሪውን ወደ መንደር እያወጣ ነው የሚያስተምረው። ከጀርመን፣ ከሙኒክ ድረስ እየመጡ አብረው የሚሠሩት ሌላ ቦታ አጥተው አይደለም። አንተ በእግርህ የምትደርስበትን እነሱ በአውሮፕላን ይመጡበታል።

ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሳል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ያን ጊዜ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሥራ ይበዛባታል። አሁን ሂድና «በሳምንት ሁለት ከሰዓት አለኝ፣ ምን ልሥራ?» በላት። አጎበር ያልሰቀለ ቤት ቁጠርላት፣ ለምን እንዳልሰቀሉ ጠይቅ፣ መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፍ። ቀንና ቁጥር ሳታስገባ እንዳትጽፍ። በታኅሣሥ ምን እንዳገኘህ ላክልኝ፣ እዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።